ወርቁ ይብዛ

አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ተራው ወረድ ብሎ፣ በጫማ መሸጫና በሞባይል ጥገና መሐል በተሰነቀረች ኬክ ቤት ውስጥ ሮሐ ይገዙ ለዓመታት የሰው ስም ስትጽፍ ኖራለች። የምትጽፈው በክሬም ነው። «መልካም ልደት»፣ «መልካም ጋብቻ»፣ «እንኳን ለዚህ አበቃህ»፤ ከሥሩ ደግሞ የባለ ድግሱ ስም። ፊደሏ አይዛነፍም፤ እጇም አይንቀጠቀጥም።

ይህን እጅ የወረሰችው ከአባቷ ነው። አቶ ይገዙ ታፔላ ጸሐፊ ነበሩ። ከሩፋኤል እስከ ሽሮ ሜዳ ስንቱ ልብስ ሰፊ፣ ስንቱ ፀጉር አስተካካይ ስሙን በእሳቸው ብሩሽ አጽፏል። ሮሐ በልጅነቷ ቀለም እያቀበለች አጠገባቸው ትቀመጥ ነበር። ታፔላ በፕላስቲክና በመብራት ሲተካ ሥራ ፈቱ፤ ሳል ያዛቸው፤ ሮሐ ትምህርቷን አቋርጣ ኬክ ቤት ሰሐን አጣቢ ሆና ገባች። እሳቸውም ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ፤ እሷ ከእናቷ ከወይዘሮ ሙሉ ጋር ቀረች።

የኬክ ቤቱ ባለቤት ዮፍታሔ ይባላል። አንድ ቀን ኬክ አስጊያጩ ሳይመጣ ቀርቶ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲነጫነጭ፣ ሮሐ እጇን በሽርጧ ጠርጋ «ልሞክረው?» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ሰሐን አልተመለሰችም። ዮፍታሔ ክፉ አሠሪ አልነበረም። የአባቷ ቀብር ዕለት ኬክ ቤቱን ዘግቶ ሠራተኞቹን ይዞ መጥቷል፤ ድንኳን ውስጥም እስከ ሠልስት ተቀምጧል። ሮሐ ይህን አትረሳም ነበር። «ጋሼ ዮፍታሔ» ነበር የምትለው፤ አንቱታዋንም አጉድላበት አታውቅም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሰው ከኬክ የሚፈልገው ነገር ተለወጠ። ድሮ «ክሬሙ እንዳይከብድ» ይል የነበረ ደንበኛ አሁን ስልኩን አውጥቶ ቲክቶክ ላይ ያየውን ያሳያታል። የወርቅ ዱቄት የተነሰነሰበት፣ ብርማ ዶቃ የተደረደረበት፣ መብራት ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ ኬክ። «ሮሒ፣ ወርቁ ይብዛ» ይሏታል። ለክርስትና ወርቅ፣ ለመልስ ወርቅ፣ ለምርቃት ወርቅ። ሮሐም ወደደችው። በስፖንጅ ኬክ ላይ ስም ጽፎ መሸኘት አንድ ነገር ነው፤ የምትሠራው ነገር ገና ከመስኮቱ ውስጥ ሆኖ መንገደኛ ሲያስቆም ማየት ግን ሌላ ነው። ሰዎች ከጳውሎስ፣ ከሸጎሌ፣ ከፒያሳም ሳይቀር ስሟን እየጠሩ መምጣት ጀመሩ።

መጀመሪያ ላይ ዱቄቱ ከዱባይ በሻንጣ ነበር የሚመጣው። ትንንሽ ጠርሙሶች ናቸው፤ የሚበላ መሆኑ ላያቸው ላይ ተጽፏል። የውጭ ምንዛሪው ሲወደድ ጠርሙሶቹ መጀመሪያ ዘገዩ፣ ኋላም ጭራሽ ጠፉ። አንድ ጠዋት ዮፍታሔ በማዮኔዝ ዕቃ ጢም ያለ የወርቅ ዱቄት ይዞ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። ዕቃው ላይ ምንም ጽሑፍ የለም።

«ከየት የመጣ ነው?» አለችው።

«ከመርካቶ፤ የዲኮር ዕቃ ከሚሸጡበት።»

«የሚበላ ነው?»

«ሰው በማንኪያ ሊዝቀው ነው እንዴ? ላዩ ላይ ብን የምታደርጊው ነገር እኮ ነው። ሁሉም ኬክ ቤት ይሄንኑ ነው የሚጠቀመው።»

ሮሐ ቆንጠር አድርጋ ውኃ ላይ ጣለችው። አልሟሟም፤ እንደ ቅባት ተንሳፍፎ ቀረ። በጣቶቿ መሐል ስታሸው ደግሞ ላብ በያዘው እጅ የተጨበጠ ሳንቲም ይሸታል። ይህን ሽታ ታውቀዋለች። አባቷ የሀብታም ሱቅ ሲያጋጥማቸው ከቫርኒሽ ጋር እየበጠበጡ ፊደሉን የሚያደምቁበት ዱቄት እንዲህ ነበር የሚሸተው።

«ጋሼ ዮፍታሔ፣ ይሄ አባባ ታፔላ የሚቀቡበትን ይመስላል።»

ዮፍታሔ ሳቀ። «አባትሽ ስንት ዘመን በእጃቸው ሲያቦኩት ኖሩ፤ ምን ሆኑ?»

አባቷ ደረታቸውን እያፈናቸው፣ እያሳሉ ነው የሞቱት። በምን ምክንያት እንደሆነ የነገራቸው ሐኪም ግን አልነበረም። ሮሐ ዕቃውን ከፍታ ብሩሿን አነሣች።

የዚያን ቀን የተቀባው ኬክ ከዱባዩ ይበልጥ አብረቀረቀ። የወሰደችው ሙሽራ ፎቶውን ለጓደኞቿ ሁሉ ላከች። የታመመ ሰው አልተሰማም። በሳምንቱም፣ በወሩም አልተሰማም። የሮሐ ጥርጣሬ እንደ ጥርስ ሕመም መጣ ሄድ ሲል ቆየና እያደር ለቀቃት።

ከኬክ ቤቱ ፊት ለፊት ሀያም የምትባል ሴት የሰሐንና የፔርሙስ ሱቅ ነበራት። ባሏ ሸፊ ዕቃ ለማምጣት ወዲያ ወዲህ ስለሚል ሱቁን የምትጠብቀው እሷ ናት። ሮሐና ሀያም እኩያ ናቸው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ አንዷ የአንዷ በር ላይ ቆማ ታወራለች። በረመዳን ሀያም ሳምቡሳ ትልካለች፤ በፋሲካ ሮሐ ድፎ ዳቦ ይዛ ትሻገራለች። የሀያም አንድ ልጅ ኢክረማ ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመለስ መጀመሪያ የሚገባው ኬክ ቤት ነው። ሮሐ ከስፖንጅ የተቆረጠ ጠርዝ በእጁ ታስይዘዋለች።

ያን ዓመት ሰኔ ሲጋመስ ሀያም መንገዱን ተሻግራ መጣች። ኢክረማ ከኬጂ ሊመረቅ ነው። እሷ የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ስላለች ኬኩን የማዘዙ ነገር ለእሷ ተሰጥቷል።

«ሁለት አድርጊልኝ» አለቻት። «ለልጆቹ በወተትና በእንቁላል። የሰኔን ጾም ለያዙት አስተማሪዎችና እናቶች ደግሞ የጾም። የልጆቹ ላይ የምርቃት ቆብ ይኑርበት፤ ቆቡ ወርቅ ይሁን።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን እንጂ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ሮሐዬ። ወላሂ እንዲያበራ ነው የምፈልገው።»

ሮሐ ቆቡን በስኳር ሊጥ ቀርጻ አደረቀችው። ከዚያ በብሩሽ አንዴ ቀባችው፤ ሳሳባት፤ ደገመችው። ብን ብሎ የሚቀር ዱቄት ሳይሆን ቆቡን እንደ ቆዳ የሸፈነ ቅብ ሆነ። የጾሙንም ኬክ እንዳይደበዝዝ ብላ ዙሪያውን በዚያው ዱቄት ነሰነሰችው። ጣዕሙን አልቀመሰችም፤ እሷም ጾመኛ ነበረች። የጾሙንም ኬክ ቢሆን ሥራ ላይ እያለች የመብላት ልማድ ስለሌላት ሳትቀምስ ጨረሰች።

የምርቃቱ ጠዋት ዝናቡ ፋታ ሰጠ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ሕፃናቱ ጋውን ለብሰው፣ በራሳቸው ላይ የካርቶን ቆብ ደፍተው ተሰለፉ። ሮሐ ኬኮቹን ልታደርስ መጥታ ስለነበር ሀያም «ሳታይ አትሄጂም» ብላ አስቀረቻት። ኬኩ ሲቆረጥ ልጆቹ ጣታቸውን ወርቁ ላይ እየነከሩ መላስ ያዙ። አፋቸውና አፍንጫቸው ሁሉ አበራ፤ እናቶች እየሳቁ ፎቶ ያነሣሉ። የኮሚቴዋ ልጅ ስለሆነ ቆቡ ለኢክረማ ተሰጠው። ግንብ ጥግ ተቀምጦ እየኮረሸመ ጨረሰው። ሮሐ ያየችው ከሩቅ ነው። ተነሥታ ልትነጥቀው አስባ ነበር። ሰው እንዴት ያየኛል አለችና ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ሀያም ሱቋን ሳትቆልፍ ልጇን ታቅፋ ስትሮጥ የአካባቢው ሰው አየ። ኢክረማ የጠጣውን ውኃ ሁሉ ይተፋል። ቀጥሎ ሌላ ልጅ፣ ከዚያም ሌላ ተባለ። ወሬው ወዲያው አዲሱ ገበያን ሞላ። «ክሬሙ ነው» አለ ሰዉ። «መብራት ጠፍቶ ሲሞቅ የዋለ ክሬም ነው ያበሏቸው።»

ዮፍታሔ በሩን ገርበብ አድርጎ ዘጋና ሮሐን ወደ ጓዳ ጠራት። ጋጋሪው በዳሳ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ነበር።

«የሚጠይቅ ከመጣ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ አልሠራም ነበር እንላለን» አለ ዮፍታሔ። «ክሬም መበላሸት በሁሉም ቤት ያለ ነው። ይሄን ዕቃ ግን አሁኑኑ ሽንት ቤት ድፊው።»

«የጾሙን የበሉም እያስመለሳቸው ነው» አለች ሮሐ። «አንዷ አስተማሪ ታማለች። የጾሙ ውስጥ ክሬም የለም፣ ጋሼ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ወርቁ ብቻ ነው።»

«አንቺ ሐኪም ነሽ? ድፊው አልኩሽ።»

«ሐኪሞቹ ምን እንደበሉ ካላወቁ በምን ያክሟቸዋል?»

«ሐኪም ሥራውን ያውቃል። ልጆች ናቸው፤ አስታውከው ይወጣላቸዋል። አንቺ ግን አፍሽን ከከፈትሽ ይሄ ቤት ይዘጋል፤ አንቺም፣ በዳሳም፣ ሁላችንም ሜዳ ላይ ነን። አስቢበት።»

ሮሐ ዕቃውን አንሥታ ወደ ሽንት ቤቱ አመራች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቀጥ ብላ በጓሮ ወጣች። በነጠላዋ ሸፍናው ታክሲ ተራው ድረስ ሄደች። ልጆቹ ወደተወሰዱበት ጳውሎስ ሆስፒታል የሚሄድ ታክሲ ላይ ተሳፍራ ዕቃውን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። ኋላ ለእናቷ እንደነገረቻቸው፣ በመንገድ ላይ ያሰበችው ስለ ፖሊስ አልነበረም። ሀያም ፊት እንዴት እንደምትቆም ብቻ ነበር ያሰበችው።

ሆስፒታሉ ውስጥ የወላጆቹ ጩኸትና የሕፃናቱ ልቅሶ ተደባልቋል። አብዛኞቹ ልጆች ተሽሏቸዋል፤ ኢክረማ ግን ዐይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሮ አልጋ ላይ ተዘርሯል። ሮሐ ተረኛዋን ሐኪም ፈልጋ ዕቃውን ሰጠቻት።

«ኬኩ ላይ የነበረው ይሄ ነው። ቆቡን በዚህ ነው የቀባሁት። ልጁ ቆቡን በሙሉ በልቶታል።»

ሐኪሟ ክዳኑን ከፍታ አየችው፤ ወደ ብርሃን አዘነበለችው። «ይሄ እኮ ዕቃ የሚቀባበት ነው፤ ብረት ነው» አለች። «ደሙን የሚጎዳበትን ነገር ነበር የምንፈልገው። መምጣትሽ ጥሩ ሆነ።» ከዚያ ሌሎቹን ጠርታ ወደ ልጁ ሮጠች።

ሀያም አልጋው አጠገብ ስለነበረች የተባለውን ሁሉ ሰምታለች። መጥታ ሮሐ ፊት ቆመች።

«ታውቂ ነበር?»

«ሀያም…»

«መልሺልኝ። እንደማይበላ ታውቂ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር» አለች ሮሐ።

ሀያም አልመታቻትም፤ አልሰደበቻትምም። ዞራ ወደ ልጇ ተመለሰችና መጋረጃውን ሳበችው።

ፖሊሶች ሲመጡ ዕቃውን ይዛ የተገኘችው ሮሐ ናት። ጣቢያ ወስደው ቃሏን ተቀበሏት፤ የነበረውን ሁሉ እንደነበረ ተናገረች። በማግስቱ ዮፍታሔ ተጠርቶ መጣ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ ነበር።

«እኔ ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ ነው የምገዛው» አለ። «የማስጌጫውን ነገር ለእሷ ትቼላታለሁ፤ ከየት እንደምታመጣው አላውቅም። አባቷ ቀለም ቀቢ ነበሩ፤ ምናልባት ከቤት አምጥታው ይሆናል።»

ሮሐ ከወንበሯ ተነሣች። «አንተ» አለችው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንተ ብላው አታውቅም። «የአባቴ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠህ አልቅሰሃል እኮ።»

ዮፍታሔ መርማሪውን እንጂ እሷን አላየም።

ቀጥሎ በዳሳ ተጠየቀ። ዕቃው የመጣ ጠዋት እዚያው ነበር፤ ሽንት ቤት ድፊው ሲባልም ሰምቷል። «እኔ ምድጃ ላይ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «የዲኮሩን ክፍል አላይም።» ሲወጣ በኮሪደሩ ላይ ሮሐን አገኛት። «ልጆች አሉኝ» አላት ቀስ ብሎ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሮሐን ከምንም በላይ የጎዳት ያላሰበችው ነገር ነው። የዮፍታሔ ጠበቃ «ከሠራሽው ኬክ ቀምሰሽ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። «አልቀመስኩም» አለች። «ለምን?» «ጾመኛ ነበርኩ።» «የጾሙንስ ኬክ?» የሥራ ልማዷ መሆኑን ለማስረዳት ሞከረች፤ ሰዉ ግን አጉረመረመ። ራሷ ያልበላችውን ነው ለሰው ልጅ ያበላችው የሚል ወሬ ከችሎቱ ወጥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ደረሰ። ጾሟ ማስረጃ ሆነባት።

ዳኛው በቸልተኝነት ጥፋተኛ ብለው እስር ፈረዱባት። ዮፍታሔ ሠራተኛውን ባለመቆጣጠሩ በገንዘብ ተቀጥቶ ወጣ።

ወይዘሮ ሙሉ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ስንቅ ይዘው ይመጡ ነበር። «አይዞሽ ልጄ» ይሏታል፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።» ሮሐ መጀመሪያ ሰሞን ታዳምጣቸው ነበር። በኋላ ግን አንድ ቀን «እማዬ፣ እውነቱን የተናገርኩት እኮ እኔ ነኝ፤ ያደርኩትም እዚህ ነው» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ እናቷ ተረቱን አላነሡባትም።

ኢክረማ ተርፏል። ሆስፒታል ብዙ ሰነበተ፤ ደም ተሰጠው። ከወጣም በኋላ ለክትትል ይመላለስ ነበር፤ ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ እንዳቃተው ሀያም ለጎረቤት ስትናገር ተሰምታለች። ሐኪሟ ልጁን ያተረፈው የዕቃው በጊዜ መድረስ እንደሆነ ለወላጆቹ ነግራቸዋለች። ሸፊ ይህን ከሰማ በኋላ ለሮሐ ይቅርታ እናድርግላት የሚል ሐሳብ ነበረው። ሀያም እምቢ አለች።

ሮሐ ከእስር እንደወጣች መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሀያም ሱቅ ነው። ሀያም ፔርሙስ እየወለወለች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«አንቺ ባትመጪ ኖሮ ይሞት ነበር ይሉኛል» አለች። «አንቺ ባትቀቢው ኖሮ ደግሞ አይታመምም ነበር። ሁለቱንም እያሰብኩ ነው የምውለው። አንዱ ሌላውን አላጠፋልኝም።»

«ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«ብለሻል። አሁን ሂጂ፣ ኢክረማ ከትምህርት ቤት የሚመጣበት ሰዓት ነው። እንዲያይሽ አልፈልግም።»

ሮሐ ወጣች። መንገዱን ስትሻገር ኬክ ቤቱን አየችው። ስሙ ተቀይሯል፤ ግድግዳው ሮዝ ተቀብቷል፤ አዳዲስ ወንበሮች ገብተዋል። በመስኮቱ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ የሠርግ ኬክ ቆሟል፤ ከላይ እስከ ታች ወርቅ ነው። ውስጡ በሰው ተጨናንቋል። ዮፍታሔ ሒሳብ መቀበያው ጋ ቆሞ ደንበኛ ያስተናግዳል።

ሥራ ፈልጋ ሌሎች ኬክ ቤቶች ዞረች። እጇን የሚያውቁት ብዙዎች ነበሩ፤ ስሟን ሲሰሙ ግን «እንደውልልሻለን» ይሏታል። በመጨረሻ በእናቷ ዘመድ አማካይነት ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆና ገባች። ሥራው ምድር ቤት ነው፤ ከደንበኛ ጋር አያገናኝም። ለእሷም ይኼው ተመቻት።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ በአዲሱ ገበያ በኩል አለፈች። ከኬክ ቤቱ አንዲት ወጣት ሴት ትንሽ ልጇን በአንድ እጅ፣ የኬክ ካርቶን በሌላ እጅ ይዛ ወጣች። የካርቶኑ ክዳን ግልጽ ላስቲክ ስለሆነ ውስጡ ይታያል። ልጅቷ በጣቷ ወርቁን እያመለከተች ትጎተጉታለች። ሮሐ ማለፍ አቃታት።

«እህቴ» አለች፤ «ይቅርታ፣ ወርቁን ከላዩ ገፍፈሽ ነው የምታበያት። የሚበላ መሆኑን ጠይቀሻቸዋል?»

ሴትየዋ ቆም አለች። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ዕቃው ላይ ምን እንደተጻፈ ያሳዩሽ። ካላሳዩሽ አትስጫት።»

የኬክ ቤቱ በር ተከፈተ። ሽርጥ ያደረገ አስተናጋጅ ብቅ ብሎ ሮሐን አያት፤ ፊቱ ተለወጠ። «እመቤት፣ አይስሟት» አለ። «ያኔ ሕፃናቱን የመረዘቻቸው ሴትዮ እኮ ናት። ከእስር ወጥታ ደንበኛ እያስደነበረች ነው።»

ሴትየዋ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ሮሐን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ጫማ የሚሞክሩ ሰዎች ዞረው ማየት ጀመሩ። «ነፍስሽ አይማር» አሉ አንዲት አሮጊት ከመሐላቸው፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ ነው።

ሮሐ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ ወደ ሽሮ ሜዳ ታክሲዎች አቅጣጫ ሄደች። ሴትየዋ ካርቶኑን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ልጇን እየጎተተች በሌላው በኩል ወረደች።